የአቶ ሞገስና የአሥራ ሰባተኛው ሥዕል ነገር

አቶ ሞገስ ወንድይፍራው ትናንት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ከአባታቸው ከአቶ ወንድይፍራው ካሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋዬ አበጋዝ በ1950 ዓ.ም. መርሳ ተወለዱ። ፊደል እዚያው ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን ወልድያ ከጨረሱ በኋላ፣ አዲስ አበባ ሄደው በአንድ ማተሚያ ቤት የስክሪን ፕሪንት ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው በፍሬም በተወጠረ ስስ ጨርቅ ላይ ቀለሙን በጎማ እየገፉ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረቡ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ነበር።

እዚያም ከሠዓሊ ደሳለኝ ጋር ተዋወቁ። ሠዓሊው ሰውም ዛፍም የማይታይባቸው፣ ቀለምና መስመር ብቻ የሆኑ ረቂቅ ሥዕሎችን ያሳትሙ ነበር። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሠላሳ ብቻ ይታተምና ሌላ እንዳይጨመር ጨርቁ ይቀደዳል። ከዚያም አታሚው ወረቀቱን አንድ በአንድ እየዘረጋ ቁጥሩን ይጠራል፤ ሠዓሊው የተጠራውን በእርሳስ ጽፈው ይፈርማሉ። የሥዕሉ ዋጋ የሚቆመው በዚያ ቁጥር ላይ ነው።

አቶ ሞገስ በ1984 ዓ.ም. ወደ ወልድያ ተመልሰው መናኸሪያው አጠገብ ማተሚያ ከፈቱ፤ ወይዘሮ አሰለፈች ይመርንም አግብተው በረከትንና ያሬድን ወለዱ። የእድርና የኳስ ቡድን ቲሸርት እያተሙ ባገኙት ገንዘብ ከየሠዓሊው እየገዙ አርባ አንድ ሥዕል ሰበሰቡ። ወይዘሮ አሰለፈች «የሰው ባል ቆርቆሮ ይገዛል፣ የእኔው ወረቀት!» እያሉ ቢስቁባቸውም፣ አቧራውን የሚያራግፉት ራሳቸው ነበሩ።

ሥዕል ያለው ሁሉ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጭምር፣ ለማስገመት ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። እጃቸውን ታጥበው፣ ወረቀቱን ወደ መስኮት አዙረው፣ ጀርባውንና ጠርዙን አይተው የሚናገሩትን ማንም አይከራከርም። ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ የግራናው ነጋዴ ወዳጃቸው አቶ አብዱልመሊክ ሥዕሎቹን በሁለት ኮምፔርሳቶ መካከል አስረው ገጠር አሸሹላቸው። «ለእኔስ ሕፃን ቀለም የደፋበት ወረቀት ነው፤ አንቱ ወርቅ ነው ካሉ ግን ወርቅ ነው» ብለው አንድም ሳይጎድል መለሱ።

ቤታቸው የገባ ሁሉ «ሐራ ሜዳ» የተባለውን፣ በግራጫ ላይ አንዲት ቀይ ጭረት ያለችበትን፣ ቁጥሩ አሥራ ሰባት የሆነውን የደሳለኝን ሥዕል ያውቃል። እርሱን ግን ገምተው አያውቁም። ዘንድሮ የልብ ድካም ካስተኛቸው በኋላ አንድ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሦስት መቶ ሺህ ብር አቀረበበት። ያሬድ ከሚስቱና ከስምንት ወር ልጁ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል የሚኖር ነውና፣ ይሽጡት ብሎ ለመናቸው።

ያን ጊዜ የደበቁትን ነገሩት። በ1978 ዓ.ም. «ሐራ ሜዳ» ሲታተም እጅግ ወደዱት፤ መግዣ አልነበራቸውም። ጨርቁን ከመቅደዳቸው በፊት አንድ ጨምረው አተሙ፤ ሲቆጠርም አሥራ ሰባትን ሁለት ጊዜ ጠሩ። ሠዓሊው አምነዋቸው ቀና ሳይሉ ጻፉ፤ ትርፉንም አቶ ሞገስ ለራሳቸው አስቀሩ። ደሳለኝ ከዚህ ዓለም እስኪለዩ ድረስም ሊነግሯቸው አልደፈሩም።

ያሬድ «አባዬ፣ ማን ያውቃል?» ቢላቸው፣ «የጠራሁት እኔ ነኝ» አሉት። ሰብሳቢውን በስልክ እውነቱን ነግረው አሰናበቱት። ይህ ጥፋታቸውም በቀብራቸው ዕለት እንዲነበብ አዘዙ። ያሬድ ሦስት ቀን ሳያናግራቸው ሰነበተ፤ ያ ሦስት ቀን አሁን እንደ እሳት ይፈጀዋል።

አቶ ሞገስ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና የመርሳ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። የሰውን ሁሉ ሥራ ቆጥሮ የሚያውቅ አምላክ፣ የእርሳቸውን በምሕረት ይቁጠርላቸው፤ ነፍሳቸውንም በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ትናንት ጠዋት፣ ከማረፋቸው በፊት፣ ያሬድ ሄዶ እግራቸውን ሳመ። ሥዕሉን ከግድግዳ እንዲያወርድ፣ እርሳስም እንዲይዝ ነገሩት። ያሬድ እንዳዘዙት የድሮውን ቁጥር ሰርዞ ጠበቃቸው። እርሳቸውም ትራስ ተደግፈው ቀና አሉና፣ እንደ ወጣትነታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሠላሳ አንደኛ» ብለው ጠሩ፤ ልጃቸው ጻፈ።