ያጨበጨቡት ለምሳው ነበር፦ የወይዘሮ ፕዮ ኦክሬ ዜና ሕይወት

ክቡራን ሐዘንተኞች፣ በተለይም ከዳልጎል ኮረብታ በእግራችሁ ወርዳችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶች፣ አስከሬናቸው ከዚህ አዳራሽ ከመውጣቱ በፊት የወይዘሮ ፕዮ ኦክሬን የሕይወት ታሪክ አነባለሁ። ያሰናዳሁት የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ስሆን፣ ዕድሜዬን በሃምቾን ከተማ ጋዜጣ ላይ የፈጀሁ ሰው በመሆኔ ማረጋገጥ የቻልኩትን ብቻ ጽፌያለሁ። እርሳቸውም ያልሆኑት ነገር ሲወራላቸው አይወዱም ነበር።

ወይዘሮ ኦክሬ ከአባታቸው ከአቶ ፕዮ ማንሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታክ ቡኒ እ.ኤ.አ. በ1957 ከሃምቾን በስተሰሜን በሚገኝ የከሰል ማውጫ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የጉድጓዱ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ከሥራ በመቅረታቸው፣ ወይዘሮ ኦክሬ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው የመለስተኛ ደረጃውን መግቢያ ፈተና ቢያልፉም፣ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚበቃው የትምህርት ቤት ወጪ ለታላቅ ወንድማቸው ሆነና እርሳቸው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወረዱ።

በዚያ ዘመን የሃምቾን አውቶቡሶች ሁሉ የአንድ የግል ኩባንያ ነበሩ። ወይዘሮ ኦክሬ በቲኬት ቆራጭነት ተቀጥረው፣ ጠዋት ጠዋት ሕዝቡን በጀርባቸው ገፍተው እያስገቡ፣ በሩ ባይዘጋም በአንድ እጃቸው ብረቱን ይዘው በሌላው የመኪናውን ጎን ሁለቴ እየመቱ «ሳበው!» እያሉ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። መዳፋቸው ከዚያ ወዲህ እንደ ሌላ ሴት መዳፍ አልሆነም። ማታ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ ግን ኩባንያው የመደባቸው ተቆጣጣሪዎች ልጃገረዶቹን አንድ በአንድ የውስጥ ልብሳቸው ብቻ እስኪቀር እያስወለቁ፣ የሰረቁት ሳንቲም ካለ ብለው ይፈትሹ ነበር። የኩባንያው ባለቤት ጎማ ለመቀየር አቅም የለኝም እያለ ከከተማው ድጎማ በሚቀበልበት በዚያው ዓመት ሁለተኛ ቪላ አሠርቷል። ወይዘሮ ኦክሬ ይህን ሲያነሡ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ያስወለቁት እኛን ነው። የእሱን ኪስ ዳብሶ የሚያውቅ ሰው ግን የለም።»

በ1981 በዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ላይ አብረዋቸው ይሠሩ ከነበሩት ሾፌር ከወንድሜ ከአቶ ናም ጊቴ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሴት ልጃቸውን ሶልሚንና ወንድ ልጃቸውን ጁንግሆን አፍርተዋል። በሮቹ በራሳቸው የሚከፈቱ አውቶቡሶች ሲመጡ የቲኬት ቆራጮች ሥራ ስለ ቀረ፣ ወይዘሮ ኦክሬ በገበያው ደጃፍ የዓሣ ሾርባ እየሸጡ ልጆቻቸውን አስተማሩ። ዘጠኝ ቁጥር ከዳልጎል ተነሥቶ በገበያው በኩል ሆስፒታሉ በር ድረስ የሚሄድ፣ ለኮረብታው ሰው ብቸኛ መጓጓዣ ነበርና ወንድሜ በ2003 ልባቸው ቆሞ እስካረፉበት ቀን ድረስ ያንኑ መስመር ነዱ።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት፣ የከተማው አስተዳደር ቀላል ባቡር ሊሠራ መሆኑን አስታውቆ የዳልጎልን ነዋሪዎች ለሕዝብ ውይይት ጠራ። መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። አዳራሹ ይሞቅ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣና የተቀመመ ጎመን የያዘ የምሳ ሳጥን ታደለ። ሰው አፉን በሞላበት ሰዓት መድረክ መሪው ተነሥቶ «ይህን ምሳ ላዘጋጀልን አስተዳደርና ለአዲሱ ባቡራችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አለ። የሰው ምግብ በልቶ እጅን አጣምሮ መቀመጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነውና ሁሉም ቾፕስቲኩን አስቀምጦ አጨበጨበ። ከሁሉም በላይ የተሰማው የወይዘሮ ኦክሬ ጭብጨባ ነበር። እኔም ዜናውን ልሠራ እዚያው ስለነበርኩ ድምፁን ሰምቻለሁ።

ባቡሩ በ2012 ሥራ ጀመረ። ሥራ የጀመረበት ውል እንዲህ የሚል ነበር፦ ግንባታውን የግል ባለሀብቶች ያከናውናሉ፤ በጥናቱ የተገመተው ተሳፋሪ ካልመጣ ደግሞ ባዶ ለሚቀሩት ወንበሮች ከተማው ለሠላሳ ዓመት ይከፍላል። የመጣው ሰው ከግምቱ አንድ ስምንተኛውን አልሞላም። ግምቱን ያወጣው የጥናት ድርጅት፣ ግምቱ ለምን እንደ ተሳሳተ እንዲያጠና በሌላ ክፍያ እንደገና ተቀጠረ፤ ከንቲባው ሪባን የቆረጡበት መቀስም በከተማው አዳራሽ መግቢያ በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ ይታያል። ለባዶው ወንበር የሚከፈለው ገንዘብ ከአውቶቡሶቹ ድጎማ ላይ ተቀነሰ፤ ዘጠኝ ቁጥርም «ለማቀናጀት» በሚል ቃል ተቆርጦ ከኮረብታው ሥር ባቡር ጣቢያው ላይ እንዲቆም ተደረገ። ሆስፒታል የሚሄድ በሽተኛ ከዚያ ወርዶ ደረጃ ወጥቶ ባቡር መሳፈር፣ ከባቡሩም ወርዶ ዳገቱን በእግሩ መውጣት ግድ ሆነበት።

ወይዘሮ ኦክሬ በማግሥቱ የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ኃላፊውን አቶ ኩክን አነጋገሩ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

«እትዬ፣ እናንተው ናችሁ ያጸደቃችሁት» አሉ አቶ ኩክ፤ «ቃለ ጉባኤው የዳልጎል ነዋሪ በአንድ ድምፅ በጭብጨባ ደግፏል ይላል።»

«ያጨበጨብነው ለምሳው ነው።»

«ለምሳ የሚል ነገር አልተጻፈም።»

«ሩዝ አፌ ውስጥ እያለ ምን ልናገር ኖሯል? ስለ ዘጠኝ ቁጥርስ መቼ ነገራችሁን?»

«ከጥሪው ወረቀት ጀርባ ዝርዝሩ ነበረ፤ አባሪ ሦስት።»

«እሺ፣ ጭብጨባዬን መልሱልኝ።»

አቶ ኩክ ሳቁ። በክፍሉ የነበሩት ጸሐፊዎችም ሳቁ። «እትዬ ይሙቱ፣ እሱን የምንመልስበት አሠራር የለንም» አሏቸው። የሳቁት እርሳቸው የቀለዱ መስሏቸው ነው። ወይዘሮ ኦክሬ ግን አልቀለዱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሃምቾን ስለ ባቡርና አውቶቡስ የተደረገ የሕዝብ ውይይት አንድም አላመለጣቸውም፤ በአንዱም ላይ አላጨበጨቡም።

በሌላም ቦታ አላጨበጨቡም። በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር፣ የልጅ ልጃቸው ዪሬ አንደኛ ዓመቷን ስታከብር እጃቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ተቀምጠዋል። ሶልሚ በዚያ ቀን አልቅሳለች፤ ይህን የጻፍኩትም አስፈቅጃት ነው። «እማዬ፣ ለልጅቷ እንኳ?» ስትላቸው «አንዴ ሳላስብ አጨብጭቤ ያመጣሁትን እያየሽ ነው» አሏት። ጎረቤቶች «ኦክሬ እጇን ባንክ አስይዛዋለች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ግትር ነበሩ። ሲቆጡም ከቲኬት ቆራጭነታቸው ዘመን የተረፈ አፍ ነበራቸው፤ ብዙዎቻችንን አስቀይመውናል።

ልጃቸው ጁንግሆ በባቡሩ ኮርፖሬሽን ውስጥ በየዓመቱ በሚታደስ ውል በጣቢያ ሠራተኛነት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አንድ የበዓል ሰሞን አቶ ኩክ አንድ ሣጥን ሙሉ ለበዓል ስጦታ የሚሰጠውን ዕንቁ ፍሬ አስይዘው ወደ ቤታቸው መጡና «የልጅዎ ነገር እኮ ያሳስበኛል፤ እርስዎ ቤትዎ ዐረፍ ቢሉ እሱም ቋሚ ይሆን ነበር» አሉ። ወይዘሮ ኦክሬ ልጃቸውን ጠርተው በእንግዳው ፊት ጠየቁት፤ ጁንግሆ «እማዬ፣ ዕንቁ ፍሬ አልወድም» ብሎ መለሰ። ሣጥኑ ሳይከፈት ተመለሰ። ውሉም አልታደሰም፤ ጁንግሆ ዛሬ የጭነት መኪና ይነዳል። አቶ ኩክ በበኩላቸው የኮርፖሬሽኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት በተደረገው ውይይት ኮርፖሬሽኑ አንድ ፕሮፌሰር አምጥቶ፣ የኪሳራው ምክንያት ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች በነፃ መሳፈራቸው መሆኑን በሥዕል አስረዳ። አረጋውያኑ በሥዕሉ ላይ በቀይ ተቀብተው ነበር። ወይዘሮ ኦክሬ በዚያ ዓመት ስድሳ አምስት ሞልቷቸዋል። እጃቸውን አውጥተው ዕድል ሲሰጣቸው፦

«ልጄ፣ ቀዩ እኔ ነኝ?» አሉ።

«እርስዎን በግል ማለቴ አይደለም፣ እማማ።»

«እኔ ብወርድ ባቡሩ ይቆማል?»

«አይቆምም።»

«ባዶውን ይሄዳል። ለባዶው ደግሞ እንከፍላለን። ታዲያ ውሉን የፈረሙት ሰዎች በየትኛው ቀለም ናቸው?»

ከፊት የተቀመጡት ጥቂቶች ሳቁ። መድረክ መሪው ሰዓት አልቋል አለና ማይክሮፎኑ ተዘጋ፤ ወይዘሮ ኦክሬ ቆመው መናገራቸውን ቢቀጥሉም ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ አልተሰማም። ፕሮፌሰሩ ከመድረክ ሲወርድ በሌላ መኪና የመጡ፣ የት ሰፈር እንደሚኖሩ ስጠይቃቸው መልስ ያልነበራቸው ሰዎች ቆመው አጨበጨቡ። የምሳ ሳጥኑ በዚያን ቀን የበሬ ሥጋ ነበረበት። በጋዜጣችን የወጣው ዜና «ውይይቱ በመግባባት ተጠናቀቀ» የሚል ነበር። እኔ የጻፍኩት ይህንን አልነበረም፤ ኮርፖሬሽኑ የጋዜጣው ትልቁ አስተዋዋቂ ነው።

ወይዘሮ ኦክሬ ኩላሊታቸው መድከሙ የታወቀው በዚያው ክረምት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ሆስፒታል መመላለስ ነበረባቸው። ታጥበው ሲወጡ እግራቸው እየከዳቸው በጣቢያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ሲያርፉ ያገኟቸው ሰዎች እዚህ አላችሁ። ሐኪሞቹ የሞታቸው ምክንያት የኩላሊት ሕመም ነው ብለው ጽፈዋል፤ እውነት ነው። አውቶቡስ ገደላቸው የሚል ሰው ቢኖር በመጀመሪያ የሚቃወሙት እርሳቸው ነበሩ። በአውቶቡሱ መቆረጥ ያጡት ዕድሜ ሳይሆን ጉልበት ነው፤ የቀረቻቸውን ጉልበት በደረጃ ላይ ጨረሱ።

ባለፈው ወር አስተዳደሩ ዘጠኝ ቁጥርን ፈጽሞ ለማንሣት፣ በምትኩም በስልክ የሚጠራ ታክሲ ለመመደብ ማቀዱን አስታወቀ። ታክሲው ሁለት ነው፤ ኮረብታው ላይ የሚኖረው አራት ሺህ ሰው ነው። የሕዝብ ውይይቱ የፊታችን ሐሙስ በከተማው አዳራሽ ይካሄዳል። ወይዘሮ ኦክሬ ይህን የሰሙት ሆስፒታል ተኝተው ነበርና ልብሳቸውን አምጡልኝ አሉ። ሐሙስን እንደማያገኙት ሲገባቸው ጎረቤቶቻቸውን አስጠሩ። የሚንቾል እናት «ኦክሬ፣ እኛ መናገር አንችልበትም፤ ደግሞ ምሳ አለ ይላሉ፣ እምቢ ማለት ያሳፍራል» አሏቸው።

«ማን እምቢ በሉ አላችሁ? ብሉ!» አሉ ወይዘሮ ኦክሬ። «የከፈላችሁት ግብር ነው። ሥጋውን አስቀድሙ፤ ሩዙ ይደርሳል። ስትጨርሱ እጃችሁን ብብታችሁ ሥር ሸጉጡ። መናገር አይጠበቅባችሁም። ዝም ብላችሁ እዩዋቸው።»

«መሪው እያየን ቢያጨበጭብስ?»

«ብቻውን ያጨብጭብ። እጁ ይመመው።»

ከትናንት በስቲያ ጎሕ ሲቀድ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ልጆቻቸው ባሉበት ዐርፈዋል።

ከዚህ አዳራሽ ውጭ በኮሪደሩ ከቆሙት የአበባ ጉንጉኖች ትልቁ የባቡር ኮርፖሬሽኑ ነው። ጥብጣቡ ላይ «ለሕዝብ ትራንስፖርት እውነተኛ ወዳጅ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሶልሚ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራዋለች፤ የቀብር አዳራሹ ሠራተኞች እንዳይመልሱት እንለምናለን። አቶ ኩክም በጎን ባለው ክፍል ለሐዘንተኛ የሚቀርበውን ቀዩን የሥጋ ሾርባ በመብላት ላይ ናቸው። ይብሉ። የሐዘን ቤት ምግብ ነውና የበላ ሰው ምንም አጸደቀ አይባልም።

ወይዘሮ ኦክሬ ሴት ልጃቸውን ናም ሶልሚን፣ ወንድ ልጃቸውን ናም ጁንግሆን፣ የልጅ ልጃቸውን ዪሬን፣ እኔን፣ የዳልጎልን ጎረቤቶች ሁሉና ቢያንስ እስከ ሐሙስ ድረስ የሚሠራውን ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ትተው ተለይተውናል። ስንገንዛቸው እንደ ልማዳችን እጆቻቸውን አንዱን በሌላው ላይ አጋድመን በነጭ ጨርቅ አስረናል። ጌታ ነፍሳቸውን ደረጃ በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የእኛን እጅ ይያዝልን። አሜን።