ከብርዙ በፊት

ከከተማችን መርካቶ ወደ ጅሬን ሰፈር በሚሄደው ታክሲ፣ ከሹፌሩ ኋላ ሦስት ሴቶች ተቀምጠን ነበር፤ እኔ በመስኮቱ በኩል፣ ከአጠገቤ ከሐኪም ቤት የምትመለስ ወጣት፣ በበሩ በኩል ደግሞ አማቷ።

አማቲቱ ለልጅቷ የታዘዘላትን መድኃኒት አገላብጠው አዩት።

«አላህ ይዘንለትና ባለቤቴ የሚውጠው ይኼንኑ ነበር። ስኳር አለብሽ እንዴ?»

«የለብኝም እማ። እንቁላል የሚያመርተው አካሌ ነው የታወከው አሉኝ።»

«ያ ረቢ! ልጅ ፍለጋ ሄደን የስኳር ኪኒን ምን ያደርጋል?»

«ሰውነቴ ኢንሱሊኑን እሺ አይለውም። እሺ ስለማይለው አብዝቶ ያመርታል፤ የበዛው ደግሞ እንቁላሉ በወቅቱ እንዳይወጣ ያደርጋል።»

«ኢንሱሊን መርፌ አይደለም እንዴ?»

«በሰውነታችንም አለ።»

«በእኔም?»

«በእርስዎም።»

«እና የእኔ እሺ ብሎ ነው ሰባት የወለድኩት?»

ልጅቷ ሳቀች።

«ሌላስ ምን አሉሽ?»

«ጣፋጭ ቀንሺ አሉኝ።»

«ማርም?»

ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ማህፀንሽ ይሙቅ ብዬ ጠዋት ጠዋት ብርዝ ሳጠጣሽ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ?»

«ወላሂ አይደሉም! ከብርዙ በፊትም የወር አበባዬ ለወራት ይጠፋ ነበር።»

«በፊት ማለት መቼ?»

«እናንተ ቤት ሳልመጣ።»

«ሽማግሌ ስንልክ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር... በሽታ አልመሰለኝም እንጂ።»

አማቲቱ መድኃኒቱን መለሱላትና «ወራጅ አለ» አሉ።

«እማ፣ ገና አልደረስንም እኮ።»

ነጠላቸውን ሰብስበው ወረዱ።

የእኔም መውረጃ ደርሶ ነበር፤ ከልጅቷ አጠገብ ግን አልተነሳሁም።