አሮጌው ሳይጠፋ

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያና አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል።

«የቢሯችንን ኮምፒውተር ማን እንደሚከፍት የሚወስነው ሰርቨር አርጅቶ በአዲስ ልንቀይረው ነው፣ አባ።»

«አሮጌውስ?»

«መጀመሪያ ሥልጣኑን ለአዲሱ ያስረክባል፤ ከዚያ እናጠፋዋለን።»

«ሳያስረክብ ቢበላሽስ?»

«አዲሱ በግድ ይወስደዋል። ከዚያ ወዲያ አሮጌው ቢጠገንም አይመለስም፤ ሁለት አለቃ ይሆናላ።»

«እኔም የደብራችን ገበዝ ነኝ። ይኸው ለሕክምና ስሄድ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዤው መጥቻለሁ።»

«ለምን ለምክትልዎ አልሰጡትም?»

«እመለሳለሁ ብዬ ነዋ። ነገ ደግሞ ንግሥ ነው።»

«ታዲያ ማን ይከፍታል?»

«...ሾፌር፣ እዚህ አውርደኝ፤ ልመለስ።»

እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወር ያለፈኝ ሰው፣ ኪሴ ውስጥ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴን መጋዘን ቁልፍ ዳበስኩ።