ስልሳ ሁለት «ተመስገን»

ክቡራትና ክቡራን፣ ዶክተር ሠላማዊት፣ የቢሮአችን ሰዎች ሁላችሁም፤ መጀመሪያ ለስንብቴ ስለታረደው ፍየል አመሰግናለሁ። ባየሽ ከጠዋት ጀምራ እሳት ላይ ናት። በመተማ ሙቀት እሳት ላይ መዋል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሾፌራችን በሽርም ከድንበር ማዶ ከገላባት ተምርና ብስኩት ይዞልን መጥቷል። ጉምሩኮቹ ምን አሉህ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እናንተም አትጠይቁት።

ወረቀት ይዤ ስቆም አይታችሁ ሳቅ ጀምራችኋል። ልክ ናችሁ፣ ሰባት ነጥብ ጽፌያለሁ። ባየሽማ «ሰማኸኝ ሊሞት ሲል እንኳ፣ አንደኛ ትንፋሼ አጠረ፣ ሁለተኛ እግሬ ቀዘቀዘ ነው የሚለው» ብላለች አሉ። ሰምቻለሁ። ሦስተኛውን እኔው ልጨምርላት፤ ባየሽ ቀብሬ ላይ ንግግር እንዳታረዝም።

እሺ፣ አንደኛ። እዚህ ቤት ስገባ ማን ነበርሁ? አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሰሊጥ መጋዘን በር ላይ ጆንያ የሚቆጥር ሰው። በ2003 ሐምሌ ላይ «ለጥናት ሥራ ጠያቂዎች እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። መጠየቅ ደግሞ ምን ይከብዳል? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠያቂ ነኝ አልሁ።

ጥናቱ እንደምታውቁት ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ ስለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ነበር፤ ሳሉግ ስለምንላቸው። ምን ያህል ይጨነቃሉ፣ እንዴት ይተኛሉ፣ የሚያስጨንቃቸውስ ምንድን ነው። ዶክተር ሦስት ቀን አሠለጠኑን። መላምት፣ ናሙና፣ ማነጻጸሪያ ቡድን፣ ሁሉንም ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍሁ። ደብተሬ ሞላ፣ ጭንቅላቴ ግን ያው ነበር።

ናሙናው በዕጣ ነው ተብለን ወጣን። በሽር ግን መኪናውን የሚያቆመው ጥላ ባለበት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ናሙናችን ዛፍ ሥር የተጋደመ ሰው ሁሉ ሆነ። ዶክተር ቅጹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ?» አሉ። በሽር ዓይኑን ሳያሽ «ዕጣቸው ነው ዶክተር» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ዕጣቸው ነው ይላል።

አሁን በበሽር እየሳቃችሁ ነው። ሁለተኛው ነጥብ የእኔ ስለሆነ ሳቃችሁን ቆጥቡት።

በሁለተኛው ሳምንት እውነተኛውን ዕጣ ይዘን ሽንፋ አካባቢ ካለ እርሻ ካምፕ ገባን። በአንድ ቀን ስልሳ ሁለት ሰው ጠየቅሁ። ባየሽ ዘጠኝ ነበር የጠየቀችው፤ በጣም ነው ያዘንሁላት። ማታ ቅጼን አስረክቤ ምስጋና ስጠብቅ ዶክተር ብቻዬን ጠሩኝ።

«ሰማኸኝ» አሉ፣ «ስልሳ ሁለት ሰው ሜዳ ላይ፣ በትንኝ መሃል፣ ከቤቱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ተኝቷል። ስልሳ ሁለቱም እንቅልፉ በጣም ደህና ነው፣ አንዱም አይጨነቅም። እኔስ እዚህ ቦታ ለምን ቤት አልሠራም?»

ምን ብዬ ነው የጠየቅኋቸው? «እንዴት ናችሁ፣ እንቅልፍ ደህና ነው? አትጨነቁም አይደል?» ምን አሉኝ? ተመስገን። እኔም «በጣም ደህና» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ቀጣይ። በሽር ሊያግዘኝ ብሎ «ዶክተር፣ ሙስሊሞቹ እኮ አልሐምዱሊላህ ነው ያሉት፤ ውጤቱ በሃይማኖት አይለይም» አለ። ግኝት መሆኑ ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት አያ አምባውን ነው፤ ከጎጃም የወረዱ፣ ሽማግሌ ሆነው ማጭድ የያዙ ሰው። «አያ፣ ትናንት ተመስገን ብለውኝ ነበር እኮ» አልኋቸው።

«አዎ ልጄ» አሉ። «እግዜርን አመሰገንሁት እንጂ ለአንተ መች መለስሁልህ? ጠየቅኸኝና ሄድህ።»

ዶክተር ማታውን እንዳስተካከሉኝ አድርጌ እንደገና ጠየቅኋቸው። ትናንት ስንት ሰዓት ተኙ? ስንት ጊዜ ነቁ? ሲነቁ ምን አሰቡ? ከዚያ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። አራት ጊዜ ነቅተዋል። ታሞ የተዉት በሬ አለ፣ ደብዳቤ ያልላከ ልጅ አለ፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ፤ ሲጨርሱ የመረቁኝ ምርቃት እስከ ዛሬ አለ። ስልሳ ሁለቱን ለመጨረስ ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ከስልሳ ሁለቱ አርባ አንዱ ሌሊቱን ከሦስት ጊዜ በላይ የሚነቃ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛውና አራተኛው ነጥብ ስለ ሻይ ክበቡና ስለሚንገዳገደው ወንበሬ ነበር። ልዝለላቸው። አምስተኛው ላይ ልምጣ፤ ለምን እንደምሄድ ያልነገርኋችሁ አላችሁ።

ልጄን ሉሊትን ታውቋታላችሁ። ፎቶዋን ያላሳየሁት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ዘጠነኛን ስትጨርስ ለእሷ አደገኛ የሆኑ ነገሮችን ዘረዘርሁ፤ ወባ፣ እባብ፣ ሙቀት፣ የጭነት መኪና፣ ድንበር፣ የጎርፍ ውሃ፣ የሰፈራችን ጎረምሳ። ሰባት ሆነ። ጎንደር ሰባቱም የሉም ብዬ አክስቷ ጋ ላክኋት። ጎረምሳ ጎንደር እንደሌለ ማን እንደነገረኝ አትጠይቁኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እደውላለሁ። ሁልጊዜ የምትስቁበት ደብተሬ አለ አይደል? እሱ ላይ እጽፋለሁ፤ «ደወልሁ፣ ደህና ናት። ደወልሁ፣ ደህና ናት።» አንድ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ሳልደውል ቀረሁ፣ በማግስቱ ትኩሳት ያዛት። በቃ፣ ደህና የሚያውላት የእኔ መደወል ነው ብዬ ደመደምሁ። ባለፈው ወር ይሄንኑ ለዶክተር እንደ ግኝት አቀረብሁላቸው። ደብተሩንም ማስረጃ ብዬ ይዤ።

እሳቸው ወረቀት ላይ አራት ሳጥን ሠሩ። ደውለህ ደህና የሆነችበት፣ ደውለህ የታመመችበት፣ ሳትደውል ደህና የሆነችበት፣ ሳትደውል የታመመችበት። «ሙላቸው» አሉኝ። ሳልደውል የቀረሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። «በአንድ ቀን ምንም ማለት አትችልም» አሉ። «እስቲ አንድ ሳምንት ሳትደውል ሞክረው።» ሲቀልዱብኝ ነው። እኔ ግን የእውነት መስሎኝ ስልኬን ያዝሁ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ሳጥን እያዩ «እዚህ ከአራት መቶ በላይ ደህና ናት አለ። ደህና መሆኗን በምን አወቅህ? ምን ብለህ ነው የምትጠይቃት?» አሉኝ።

«እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ አይደል፣ እላታለሁ።»

«እሷስ?»

ያው የስልሳ ሁለቱን መልስ ነበር የምትለኝ። ሁለታችንም አወቅነው። እሳቸውም ሳይስቁ ደብተሬን ዘግተው መለሱልኝ።

እስቲ አስቡት። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የአርማጭሆን ሳሉግ፣ የአብርሃ ጅራን ሳሉግ አንድ በአንድ በደንብ ጠይቄያለሁ። የገዛ ልጄን ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር የምጠይቃት።

ያን ዕለት በሰዓቱ ደወልሁ። «ሉሊት፣ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ?» አልኋት። «ምነው አባዬ?» አለች። «ምሳ ከማን ጋር በላሽ?» አልሁ። ዝም አለች።

ሥልጠናው ላይ ዝምታውን አትሙሉት፣ ጠብቁ ተብለናል። እኔ ዝምታ ጠብቄ የማውቅ ሰው ነኝ? ታውቁኛላችሁ። ያን ቀን ጠበቅሁ። ካርዱ ሊያልቅ ነው እያልሁም ጠበቅሁ።

«ትምህርት ካቆምሁ ሦስት ሳምንቴ ነው» አለችኝ። ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ትወጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀምጣ ትውላለች፣ በሰዓቱ ትመለሳለች። እንቅልፍ የላትም። ምግብ አይበላላትም። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

«ለምን ሳትነግሪኝ?» አልሁ።

«መች ጠየቅኸኝ?» አለች።

ይሄ ከሰባቱ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

እንግዲህ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ጎንደር እገባለሁ። ሥራው የአጎቴ ልጅ ወፍጮ ቤት ነው፤ ዱቄት ነጭ ስለሆነ ሽበቴ አይለይም። ዶክተር ጎንደር የምታያትን ሐኪም ስም ጽፈው ሰጥተውኛል፤ ይሄን አልረሳውም። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ሲቀበሉኝ ግን ያው ዶክተር ናቸው፤ «መሄድህ እንደሚረዳት በምን ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልሁ። «መላምት ነው።»

ያን ጊዜ ሳቁ። ትንሽ ደግሞ መነጽራቸውን ጠረጉ። አቧራ ነው ብለዋል፤ በምን እንዳወቁ አልጠየቅኋቸውም።

ስድስተኛው ርክክብ ነው። ወንበሬ ለባየሽ ነው፤ አንዱ እግሩ ሥር ማስገቢያ የሚሆን ባዶ ቅጽ ታጥፎ አለ፣ ቅጹን እንዳትሞላው። ለበሽር ከቢሮው ጀርባ ያለውን ኒም ዛፍ ከነጥላው አውርሼዋለሁ፤ ዕጣው ነው።

ሰባተኛ፣ ምርቃት። የጠየቃችሁት ሰው የልቡን ያውጣላችሁ። የሚጠይቃችሁም ሰው ጠይቆ የሚጠብቅ ይሁን። መንገዳችሁን ከአቧራና ከጎርፍ ይጠብቅላችሁ፣ የወለዳችሁት ይባረክ፣ ያልወለዳችሁ ውለዱና እንደ እኔ ተጨነቁ። ዶክተር፣ ጥናትዎ ለእነ አያ አምባው አንድ ጣሪያ ያስገኝላቸው። እንጀራ አብረን እንደበላን ደግመን የሚያገናኘን አምላክ አይለየን።

ከጠዋት ጀምሮ ሁላችሁም በተራ «ሰማኸኝ፣ እንዴት ነህ?» ብላችሁኛል። ለማናችሁም አልመለስሁም። በቅጹ መሠረት ልመልስ፤ ትናንት ማታ አራት ሰዓት ላይ ተኛሁ። አምስት ጊዜ ነቃሁ። ስነቃ የማስበው እሷን ነው። ዛሬ ምሳ ከእናንተ ጋር በላሁ። ፈርቻለሁ።

አሁን ተመስገን።