ሰላምታ የበላው መልእክት

ወይዘሮ ጌጤነሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ዓርብ ረፋድ፣ በሚኖሩበት ፈረንጅ አገር፣ ሼፈርድስ ቡሽ በሚባል ገበያ ቃሪያ ሲመርጡ የሕፃን ጋሪ እየገፋች የምትመጣ ወጣት አዩ። ብፅዓት ነበረች፤ የወዳጃቸው የወይዘሮ አልታየሽ ልጅ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሏት ነበር። ዛሬ ግን ፊታቸውን ወደ ቲማቲሙ መለሱ።

«እትዬ ጌጤ! እንዴት አደሩ?» ብላ ጉንጫቸውን ሳመች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ባትጠይቁኝም ደኅና ነኝ።»

«ኧረ የጠፉትስ እርስዎ! እማዬማ አልቅሳለች።»

«የተናቅሁት እኔ፣ የምታለቅሰው አልታየሽ! ይገርማል።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወይዘሮ አልታየሽ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ «የብፅዓትን ልጅ ክርስትና አንሺልን» ብለው ለመኗቸው። «የነፍስ አባቴን ላማክርና እደውላለሁ» አሉ። ወልደው የማያውቁ ሴት ናቸውና ያን ቀን ወደ ዊልስደን፣ ወደ ቤታቸው የተመለሱት እግራቸው መሬት ሳይነካ ነው። የነፍስ አባታቸው ደስ ብሏቸው ፈቀዱ። ቤታቸው ግን ስልክ የለም። የወንድማቸውን ሞት በስልክ ስለሰሙ፣ «መርዶ ነጋሪ ዕቃ ከእኔ ጋር አያድርም» ብለው አስነቅለውታል። ስለዚህ ከመንገድ ስልክ ደጋግመው ደወሉ፤ ሁልጊዜ የሚያነሳው ግን መልእክት የሚቀዳው ማሽን ነበር። በሰው በኩል እንኳ መልስ አልመጣም። ጉልበታቸውን አሟቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲቀሩም ጠያቂ አጡ። «ሌላ ሰው አግኝተዋል ማለት ነው» ብለው ሐዘናቸውን ዋጥ አደረጉ።

«ስንት ጊዜ ለማሽናችሁ ተናገርኩ!» አሉ አሁን።

«ሰምተነዋል እኮ፣ እትዬ። ‹ጤና ይስጥልኝ አልታየሽ፣ እንደምን ሰንብተሻል፣ አራሷ እንዴት ናት፣ ሕፃኗስ፣ ብርዱን እንዴት ቻላችሁት፣ ወገብሽንስ ተሻለሽ› ይሉና፣ ቢፕ! ቴፑ ይቆረጣል። ስለ ክርስትናው አንድ ቃል የለበትም።»

ወይዘሮ ጌጤነሽ የያዙትን ቃሪያ መልሰው አስቀመጡ። «እኔ እኮ ሁሉንም ጨርሼ፣ ‹አሜን› ብዬ ነው የዘጋሁት!»

«ለተዘጋ ስልክ ነዋ የተናገሩት! እማዬም ‹እምቢ ማለት አፍራ ነው ሰላም ብላ የተወችው› አለች። መልሰን እንዳንደውል ስልክ የለዎትም። እሑድ ደግሞ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ነው። ዛሬ እማዬ ከሥራ ስትወጣ በዚያው በእርስዎ ፋንታ ክርስትና እንድታነሳ ሮማንወርቅን ልትለምን ነው።»

«ሮማንወርቅን? እሷ ራሷ መች አደገችና!» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ። ጋሪው ውስጥ ያለችው ሕፃን ቡጢዋን አፏ ውስጥ ከታ ታያቸዋለች። «እንግዲህ አየሽ፣ ብፅዓትዬ፤ ይህ ዕቃ ሰውን ከሰው የሚያቆራርጥ ነው። ድሮ ደጅ ቆመን ‹ቤቶች!› ስንል ጉዳያችን ያልቅ ነበር። ዛሬስ ያገናኘን ገበያው ነው እንጂ ማሽንሽ ነው?»

«ገበያው ባያገናኘንስ?» አለች ብፅዓት በትሕትና። «እማዬ ጎህ ሳይቀድ ፓርክ ሮያል፣ ፋብሪካው ትገባለች። እርስዎ ማታ ማታ ተቀጥረው አንዲት አሮጊት ይጠብቃሉ። ‹ቤቶች!› ቢሉ የሚሰማዎ የተቆለፈ በር ነው። ማሽኑ ባይኖር ደውለው እንደነበር እንኳ አናውቅም።»

«ታዲያ ጉዳዬን ላስቀድም? ሰላም ሳይል ነገር የሚጀምር ፖሊስ ብቻ ነው!»

ብፅዓት ሳቋ አመለጣት። «ይቅርታ፣ እትዬ። ልጅ ሆነው ተልከው አያውቁም?»

«ስንቴ!»

«እናትዎ ምን ብለው ነበር የሚልኩዎት?»

«‹እንግዳ መጥቶብናልና ትልቁን ድስት አውሱን በያቸው፣ ሩጪ!› ነዋ።»

«የጎረቤቱን ጤንነት አንድ በአንድ ጠይቂ ይሉዎት ነበር?»

«ይህን ሁሉማ ብታሸክመኝ ድስቱን እረሳው...» አሉና ያስቀመጡትን ቃሪያ መልሰው አነሱ።

«ማሽኑም የተላከ ልጅ ነው፤ ቶሎ ይረሳል። መጀመሪያ ድስቱን ይንገሩት።»

እውነትም ሰላምታን ያወረሱን ሰዎች ጊዜ ነበራቸው፤ ቴፕ አልነበራቸውም። የደግ ልማድ ደግነቱ ሰውን ከሰው ማገናኘቱ ነው። ማገናኘቱን ትቶ መንገድ ሲዘጋ ግን ልማዱን መጣል ሳይሆን ቦታውን ማዛወር ያስፈልጋል።

ወይዘሮ ጌጤነሽ ግን ገና ልባቸው አልተረታም። «አሁን ላንቺ ነግሬሻለሁ፤ ማታ ንገሪያት» አሉ።

«ማታማ ሮማንወርቅ እሺ ካለች በኋላ ነው የማገኛት! ፋብሪካው ደግሞ ሠራተኛ በስልክ አይጠራም። ግን እማዬ በምሳ ሰዓቷ ወደ ቤት እየደወለች ማሽኑን ቼክ ታደርጋለች። አሁኑኑ ቢናገሩ ትሰማዎታለች። ቃልዎን ከእርስዎ አንደበት ትስማው።»

ወይዘሮ ጌጤነሽ ሕፃኗን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና «ነይ፣ ስልኩ ወዴት ነው?» አሉ።

የስልኩ ሳጥን ለሁለት ሰውና ለአንድ ጋሪ ስለማይበቃ በሩን ብፅዓት በጀርባዋ ደግፋ ቆመች። ቢፕ አለ።

«ጤና ይስጥ...» ብለው ሲጀምሩ ብፅዓት ነጠላቸውን ጎተተች።

«አልታየሽ! ጌጤነሽ ነኝ! እሺ ብያለሁ! ልጅቱን የማነሳት እኔ ነኝ። ሮማንወርቅ ጋ እግርሽን እንዳታነሺ!» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «በይ እንግዲህ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽንስ...» ተቆረጠ። «ደፋር!» አሉት ስልኩን። በመንገድ የሚያልፉ ፈረንጆች እስኪዞሩ ድረስ ሁለቱ ሴቶች ሳቁ።

እነ ብፅዓት ቤት ገብተው ሕፃኗ ዳይፐር ሲቀየርላት ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ደረታቸውን ያዙ።

«እጄ ተይዟል፤ እባክዎ ያንሱልኝ!»

እያማተቡ አነሱትና «አቤት?» አሉ። ከዚያኛው ጫፍ በሰሃንና በሰው ጫጫታ መሃል ረጅም እልልታ ተለቀቀ።

«ጌጤ! የኔ እናት! መልእክትሽን ሰማሁት! ተቀየምሽን ብዬ ልሞት ነበር!»

«አልታየሽ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል!»

«ይስማ! ፈረንጆቹ ሎተሪ ወጣላት ብለው እጄን እየጨበጡኝ ነው። እሑድ በጠዋት፣ እሺ? ሳንቲሜ አለቀ!»

እሑድ ክርስትናው ሆነ፤ ሕፃኗም ወለተ ማርያም ተባለች። ወይዘሮ ጌጤነሽ ብዙ ሳይቆዩ ስልክ አስገቡ፤ መቅጃ ማሽንም አስገጠሙ። ከዚያ ወዲህ ሲታመሙ ጠያቂ አጥተው አያውቁም፤ የክርስትና ልጃቸው ጥርስ ማብቀሏንም የሰሙት በበቀለበት ቀን ነው።

በክርስትናው ግብዣ ላይ አቶ ብርሃኑ የሚባሉ ሽማግሌ፣ «ይህ ስልክ የሚባል ነገር ፍቅራችንን ጨረሰው» ብለው ሲያማርሩ፣ ወይዘሮ ጌጤነሽ የታቀፏትን ሕፃን ወደ ሌላኛው ክንዳቸው አዛወሩና እንዲህ አሏቸው።

«የለም አቶ ብርሃኑ፣ እኛ ሥራውን ስላላወቅንለት ነው። ጉዳይዎን ለስልኩ ቶሎ ይንገሩት። ናፍቆትዎን ግን ለእሱ አይስጡት፤ ናፍቆቱን ይዘው በእግርዎ ይምጡ።»