የአይጦቹ ስኳር

ከሰበታ ስንነሳ ጉሙ መንገዱን ውጦት ስለነበር፣ ታክሲው የሚሄድ ሳይሆን የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንድ ሽማግሌ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ያስተክዝሻል?»

«የመመረቂያ ጥናቴ ነው፣ አባባ። ለስኳር በሽታ የሚጠጣውን ቅጠል ለአይጦች ሰጠሁ። የጠጡት ስኳራቸው ካልጠጡት ዝቅ ብሎ ተገኘ።»

«ታዲያ እልል በይ እንጂ! እኔም እኮ እሱኑ ነው የምጠጣው። በቃ፣ ከነገ ጀምሮ የስኳር መርፌዬን እተዋለሁ።»

«ኧረ እንዳይተዉ! ስህተት አለበት። ቅጠል ያልጠጡትን በማደንዘዣ አስተኝቼ ነው ደማቸውን የቀዳሁት። ከዚያ ማደንዘዣው አለቀብኝ። የጠጡትን ያለ እሱ፣ ባንዴ ገድዬ ቀዳሁ።»

«ሞት ሞት ነው። ምን ለየው?»

«ማደንዘዣው ራሱ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ልዩነቱን ያመጣው ቅጠሉ ይሁን ማደንዘዣው አላውቅም።»

«አሃ! ሲያባርሩት ውለው ያረዱት በሬም ሥጋው ይጠቁራል። ጥፋቱ የበላው ሣር አይደለም።»

«ልክ እንደሱ!»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ከእርስዎ በቀር ማንም። ለአማካሪዬ ከነገርኩት ዘንድሮ አልመረቅም።»



«እኔ መርፌዬን አልተውም» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ ግን እንደኔ ያለውን ሁሉ ታክሲ ውስጥ አግኝተሽ አትነግሪውም።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ዶክተር፣ እንደምን አደሩ? ስለ አይጦቹ የምነግርዎ ነገር አለ።»

እኔ ትናንት ግማሹን በጠዋት፣ ግማሹን ሌሊት እያንጎላጀኝ አርሜ የጨረስኩትን የተማሪዎቼን ፈተና ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ከመጀመሪያው ወረቀት እንደገና ማንበብ ጀመርኩ።