ሁለት ፎቶ የአንድ ሰው

መጀመሪያ የተሰማው የማኅተም ድምፅ ነበር። ከተዘጋው በር ጀርባ «ጧ!» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ጧ!»። መቱ ላይ፣ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በረንዳ ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ በየምቱ አንገቱን ወደ በሩ ሰገግ ያደርጋል። ጋሼ ቀጀላም የራሳቸውን «ጧ» ሲጠብቁ የመጣላቸው ግን ሳቅ ነው። ያውም የአንድ ሰው ሳቅ ሳይሆን የቢሮው ሁሉ ሳቅ።

በሩ ተከፈተና ጸሐፊዋ የይዞታ ደብተር ማውጫውን ቅጽ ዘረጋችላቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ የመጀመሪያው ፎቶ እርስዎ ነዎት። ሁለተኛው ማነው?»

«እሱም እኔው ነኝ» አሉ ጋሼ ቀጀላ በትዕግሥት። «ሁለት ፎቶ አምጡ ስትሉኝ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ባርኔጣ ያደረግሁት ለሥራ ቀን ነው፤ ያላደረግሁት ለቤተ ክርስቲያን።»

«ሁለተኛው ቦታ የባለቤትዎ ነው። አስተካክለው ይምጡ» ብላ በሩን ዘጋችው።

ጋሼ ቀጀላ ቅጹን እንደ ያዙ ወደ አግዳሚው ተመለሱ። ከሚስታቸው ከእትዬ ሻሽቱ አጠገብ፣ ጉልበቱ ላይ ወረቀት የቆለለ ባለ መነጽር ወጣት ተቀምጧል። ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ። ዳዲ እባላለሁ፣ የሕግ መምህር ነኝ። ባልና ሚስት መሬትን በጋራ ስለ መያዛቸው ጥናት እየሠራሁ ነው። የፎቶዎን ነገር ሰማሁ፤ ጥቂት ብጠይቅዎትስ?»

«ሰምተህ ነው የሳቅኸው?»

«ሳቄንስ ውጬዋለሁ።»

«እንግዲያው ጠይቅ። ይህ ዝናብ እንደሆነ ሳያባራ ወደ ቤታችን፣ ወደ ሶር አይሰደንም።»

ዳዲ የብዕሩን ክዳን ነቀለ። «የባለቤትዎን ፎቶ ለምን ተዉት?»

«ያ ጉርባ! አንተ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስንኖር እኔና ሻሽቱ በፎቶ ተያይተን አናውቅም። ሚስት የቤት ናት፣ ደብተር የቢሮ። ደግሞስ ነገ ተጣልተን ‹ይኸው ፎቶዬ፣ ውጣ!› ብትለኝ ያንተ ሕግ መጥቶ ያሳድረኛል?»

«እሳቸው ውጣ ሊሉዎት አይችሉም። እርስዎም ውጪ ሊሏቸው አይችሉም። አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ መሬቱን ማከራየት እንኳ አይችልም።»

«ታዲያ እኔ ምኑን አባወራ ሆንኩት?»

በአግዳሚው ላይ የነበሩ ሽማግሌዎች «ዱጋ! እውነት ነው» እያሉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ዳዲ ግን አልደነገጠም።

«በአባትዎ ዘመን፣ ጋሼ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ምን ትሆን ነበር?»

«ወንድሟ ዘንድ ትሄዳለች። ጫካው ሰፊ ነው፤ ይመነጥርላታል፣ ቡና ትተክላለች፣ ትኖራለች።»

«ዛሬስ? የእትዬ ሻሽቱ ወንድም ስንት መሬት አላቸው?»

ጋሼ ቀጀላ አሰብ አደረጉ። «የሚኖረው ኡካ መንደር ነው። አምስት ወንዶች ልጆች አሉት። ለፋሲካ ስንሄድ ፍየሏን እንኳ የሚያስርበት ደጅ አጥቶ ከአልጋው እግር ጋር አስሯት ነበር።»

«እንግዲህ ሕጉ የተለወጠው ለዚህ ነው። የጻፉት ሰዎች ልማዱን ጠልተው አይደለም፤ ልማዱ የቆመበት ጫካ ስላለቀ ነው።»

ይህ አነጋገር የጋሼ ቀጀላን ልብ ነክቶታል። ይሁን እንጂ የተከበረ ሰው በአደባባይ፣ ያውም በባለ መነጽር ልጅ፣ በአንድ ምት አይረታም።

«እኔ ብሞት የወንድሜ ልጅ ጭምዴሳ አለ» አሉ። «እኛ ልጅ ባንወልድም እሱ እንደ ልጅ ነው። ሻሽቱን አይጥላትም።»

እትዬ ሻሽቱ ዝናቡን እያዩ፣ «ጭምዴሳ ባለፈው ሳምንት ቡናችን ውስጥ ነበር» አሉ። «እርስዎ ጎሬ የሄዱ ዕለት። ከዋንዛው ሥር እስከ ወንዙ ሲመላለስ አየሁትና ምን ትሠራለህ ብዬ ብጠይቀው፣ እግሬን ላፍታታ ነው አለኝ።»

«ልጁ እግሩን ቢያፍታታ ምን አለበት?»

«ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ሰባት እያለ ነው የሚያፍታታው።»

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ጋሼ ቀጀላ ብቻ አልሳቁም።

«እኔ ሳልሞት?» አሉ ቀስ ብለው። «ጉንፋን እንኳ ሳይዘኝ?» ከዚያም፣ «ከዋንዛው ወዲያ ያለውንም ለካው?»

«እሱንማ ሁለቴ ነው የለካው።»

ጋሼ ቀጀላ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የተናገሩትን የሰማ ሰው ሕጉን ያረቀቁት እሳቸው ናቸው ብሎ ይምል ነበር።

«ስሙ እናንተ! የሚስት ፎቶ ያለበትን መሬት የወንድም ልጅ አይራመድበትም! ጠጅ ጠጥቼ ላከራይ ብል እንኳ የእሷ ፊርማ ከሌለ አይጸናም፤ ለእኔም ከራሴ መጠበቂያ ነው። ክርክር የለም፣ ለጠበቃ የሚሸጥ በሬ የለም። እኔ ብቀድም እሷ በቤቷ ትኖራለች፤ እሷ ብትቀድም እነዚያ የኡካ አምስቱ መጥተው እኔን አይነቀንቁኝም! ይህ ሕግ ቢዘገይ እንጂ አልተሳሳተም!»

ዳዲ ብዕሩ እስኪግል ይጽፋል። «አርባ ሦስተኛው አባወራ!» አለ ደስታው ፊቱን ሞልቶት። «እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጎ የመለሰልኝ የለም።»

«ከአርባ ሦስቱ ስንቱ ሴት ነው?» አሉ እትዬ ሻሽቱ።

ዳዲ ወረቀቱን ወደ ፊት ገለጠ፣ ወደ ኋላም ገለጠ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

«መጠይቁ... የሚሞላው በአባወራው ነው» አለ። «እንዲያ ነው የተለመደው።»

«የተለመደው!» ብለው ጋሼ ቀጀላ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሰማችሁ? የሕግ መምህሩም ልማድ አለው!»

ዳዲ ለክብሩ ያህል እንኳ አልተከራከረም። አዲስ ወረቀት አወጣና፣ «ጥፋቴ ነው» አለ። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ተናገሪ ሻሽቱ» አሉ ጋሼ ቀጀላ፣ በቸርነት እጃቸውን ዘርግተው። «ፈቅጃለሁ!»

እትዬ ሻሽቱ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ቅጹን ከባላቸው እጅ ወሰዱና በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ ከበረንዳው ወርደው በዝናቡ ውስጥ ወደ ፎቶ ቤት አመሩ።